የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ዳኞች ሕገ መንግሥትን በምን ዓይን ያነቡታል?

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ከአሜሪካም ከአገር ቤትም የደረሱን ሲሆኑ፣ ሁሉም በሕገ መንግሥት ትርጉም ዙሪያ ናቸው። የአሜሪካ ጉዳዮችን ዓመት እንደ አውሮፓ፣ የኢትዮጵያን እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ጽፈናል።

«የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ዜና ላይ አንዱን ዳኛ ‹ኦሪጅናሊስት› ይሉታል፤ ሌላዋን ደግሞ ‹በሕያው ሕገ መንግሥት የምታምን› ይሏታል። አንዱ ሕጉን የሚያከብር፣ ሌላዋ ከራሷ የምታመነጭ ማለት ነው?»

አይደለም። ሁለቱም የሚነሡት ከአንድ ጽሑፍ ነው። መለያየት የሚጀምሩት ጽሑፉ ለቀረበው ጉዳይ ግልጽ መልስ ሳይሰጥ ሲቀር ነው። ኦሪጅናሊስቱ «ይህ አንቀጽ ሲጸድቅ ሕዝቡ ቃሉን እንዴት ይረዳው ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱንም በዘመኑ መዝገበ ቃላት፣ በማጽደቂያ ጉባኤዎች ክርክርና በጊዜው በነበሩ ሕጎች ውስጥ ይፈልጋል። ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ፦ ዛሬ ያሉት አብዛኞቹ ኦሪጅናሊስቶች አርቃቂዎቹ በልባቸው ያሰቡትን አይፈልጉም፤ የሚፈልጉት ለሕዝብ የቀረበው ቃል የነበረውን ትርጉም ነው። ሌላው ወገን ደግሞ አንቀጹ ያስቀመጠው መርሕ ነው ይላል። መርሑ አይለወጥም፣ የሚሸፍነው ነገር ግን ከኑሮው ጋር ይሰፋል። ስለዚህ የአንቀጹን ዓላማ፣ እስከ ዛሬ የተሰጡ ውሳኔዎችንና ውሳኔው የሚያስከትለውን ውጤት አብሮ ይመዝናል።

ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ የሚታየው በአሜሪካ ሕገ መንግሥት 4ኛው ማሻሻያ ላይ ነው። በ1791 የጸደቀው ይህ ማሻሻያ ሰዎች በአካላቸው፣ በቤታቸው፣ በወረቀቶቻቸውና በንብረታቸው ላይ አግባብ የሌለው ብርበራ እንዳይደረግባቸው ይከለክላል። ስልክ የሚል ቃል የለበትም። በ1928 በኦልምስቴድ ጉዳይ መንግሥት ከቤት ውጭ ባለ ሽቦ ላይ ጠልፎ ሲያዳምጥ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 «ቤት አልተገባም፣ ዕቃ አልተወሰደም፤ ብርበራ የለም» አለ። በ1967 በካትስ ጉዳይ ይህ አቋም ተሻረ። መርማሪዎች ማዳመጫውን የገጠሙት በሕዝብ ስልክ ዳስ ላይ ከውጭ በኩል ነበር። ፍርድ ቤቱ በ7 ለ1 አንቀጹ የሚጠብቀው ሰውን እንጂ ቦታን አይደለም አለ። ብቻቸውን የተለዩት ዳኛ ሁጎ ብላክ ነበሩ። መከራከሪያቸው ጠንካራ ነው፦ በር ላይ ቆሞ የሰው ወሬ ማዳመጥ በ1791ም የታወቀ ድርጊት ነበር፤ አርቃቂዎቹ ሊከለክሉት ቢፈልጉ ኖሮ በጻፉት ነበር።

ወደ ራስዎ ግዛት የሚያመጣን ግን የ2012ቱ የጆንስ ጉዳይ ነው። ፖሊስ በአንድ ተጠርጣሪ መኪና ላይ ጂፒኤስ እንዲገጥም ፍርድ ቤት ፈቅዶለት ነበር፤ ፈቃዱ የሚያገለግለው ለ10 ቀን፣ ያውም በዋሽንግተን ዲሲ ብቻ ነበር። መሣሪያው የተገጠመው በ11ኛው ቀን፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። ከዚያም 28 ቀን ተከታተሉት። ዘጠኙም ዳኞች ድርጊቱ ሕገ መንግሥቱን ይነካል ብለው ተስማሙ፤ መንገዳቸው ግን ለሁለት ተከፈለ። አንቶኒን ስካሊያ የጻፉት አብላጫው ውሳኔ፣ በሰው ንብረት ላይ መረጃ ለመሰብሰብ ብሎ ዕቃ መለጠፍ በ1791ም መተላለፍ ነበር በሚል ላይ ቆመ። ሳሙኤል አሊቶና ሦስት ዳኞች ደግሞ ዋናው ነገር መለጠፉ ሳይሆን ማንም ሰው ሊጠብቀው የማይችል ረጅም ክትትል መደረጉ ነው አሉ።

ውጤቱ አንድ ከሆነ ልዩነቱ ምን ፋይዳ አለው? ፋይዳው ከ6 ዓመት በኋላ ታየ። በካርፔንተር ጉዳይ ፖሊስ ምንም ነገር አልለጠፈም። የ127 ቀን የስልክ መገኛ መረጃ ከቴሌኮም ድርጅት ጠይቆ ወሰደ። የመለጠፍ መንገድ እዚህ መልስ የለውም፤ የአሊቶ ዓይነቱ መንገድ ግን አለው። ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 መደበኛ የመበርበሪያ ፈቃድ ያስፈልጋል ብሎ ወሰነ። አሊቶ ራሳቸው ግን መዝገቡ የድርጅቱ ነው ብለው ከተቃዋሚዎቹ ጋር ቆሙ። ስለዚህ አንድ ውሳኔ ሲያነቡ ማን እንዳሸነፈ ብቻ አይዩ። የተሄደበት መንገድ ለቀጣዩ ጉዳይ በር ይከፍታል ወይስ ይዘጋል የሚለውን ይመልከቱ።

«የሕግ ተማሪ ነኝ፣ ከአዲስ አበባ። መምህራችን የትርጉም ዘዴ የሚባለው ሁሉ ለፖለቲካ አቋም የሚለበስ ካባ ነው ይላሉ። እውነት ነው?»

በከፊል። ዘዴ ዳኛውን ሙሉ በሙሉ አያስርም፣ ጨርሶ አያስርም ማለት ግን ስሕተት ነው። እኛ የምንመክረው መለኪያ አንድ ነው፦ ዳኛው የማይወደውን ውጤት ዘዴው ሲያዘው ይቀበላል ወይ?

ሁለት ጉዳዮችን አንብብ። በ1989 የቴክሳስ እና የጆንሰን ጉዳይ ዳላስ ውስጥ የአሜሪካን ሰንደቅ ዓላማ ያቃጠለ ሰው ቅጣት በ5 ለ4 ተሻረ። ወግ አጥባቂው ስካሊያ፣ የሕያው ሕገ መንግሥት ዋና ጠበቃ ከሆኑት ከዊሊያም ብሬናን ጋር ነው ድምፅ የሰጡት፤ ባንዲራ አቃጣዮችን እንደማይወዱ በአደባባይ ደጋግመው የተናገሩ ሰው ነበሩ። በ1990 በሜሪላንድና በክሬግ ጉዳይ ደግሞ ጥቃት ደርሶበታል የተባለ ሕፃን ተከሳሹን ሳያይ፣ በቴሌቪዥን መስመር መመስከር ይችላል ተባለ። 6ኛው ማሻሻያ ተከሳሽ ከሚመሰክሩበት ጋር ፊት ለፊት የመገናኘት መብት ይሰጠዋል። አብላጫው የሕፃኑን ደኅንነት መዝኖ ፈቀደ። ስካሊያ ግን ከሦስት ለዘብተኛ ዳኞች ጋር ተቃወሙ፤ ጽሑፉ ፊት ለፊት ካለ፣ መመዘን የእኛ ሥራ አይደለም ብለው።

አሁን ደግሞ ዘዴው የሚላላበትን ቦታ እንይ፤ መምህርህም ትክክል የሚሆኑት እዚህ ነው። በ2008 በሄለር ጉዳይ የዋሽንግተን ዲሲ የሽጉጥ ክልከላ በ5 ለ4 ተሻረ። 2ኛው ማሻሻያ በሚገባ ስለተደራጀ ሚሊሺያ ጠቅሶ ይጀምርና ወደ ሕዝቡ የጦር መሣሪያ የመያዝ መብት ይሻገራል። ስካሊያ ለአብላጫው፣ ጆን ፖል ስቲቨንስ ለተቃዋሚዎቹ ሲጽፉ ሁለቱም ያው የ1791 ታሪክ ውስጥ ገብተው ተቃራኒ መልስ ይዘው ወጡ። ታሪክ ጠበቃ እንደሚመርጠው ማስረጃ ተመራርጦ ሲቀርብ የሚሆነው ይኸው ነው። የታሪክ ምሁራን የሁለቱንም ወገን ዳኞች በዚህ ይወቅሳሉ።

ሌላው ችግር መርሑን በምን ያህል ስፋት ማንበብ ይገባል የሚለው ነው፤ ለፈተናም ለሥራም ጠቃሚው ይህ ስለሆነ ልብ በል። በ2022 በብሩን ጉዳይ ፍርድ ቤቱ የጦር መሣሪያ ሕግ የሚጸናው ከአገሪቱ የቁጥጥር ታሪክ ጋር ሲጣጣም ነው አለ። የሥር ፍርድ ቤቶች ግራ ተጋቡ፤ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሕግ መንታ ይፈለጋል ወይስ ዘመድ ይበቃል? በራሂሚ ጉዳይ አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት፣ በቤት ውስጥ ጥቃት የእግድ ትእዛዝ የተሰጠበት ሰው መሣሪያ እንዳይዝ የሚከለክለውን ሕግ «በጥንት ዘመን አቻ የለውም» ብሎ ሻረው። በ2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ8 ለ1 ይህን ገለበጠ። የሚፈለገው መንታ ሕግ ሳይሆን ከታሪኩ የሚወጣው መርሕ ነው፤ አደገኛ ሰውን ትጥቅ ማስፈታት ደግሞ ጥንትም የነበረ ነው አለ። ብቸኛው ተቃዋሚ ክላረንስ ቶማስ ናቸው፣ ብሩንን የጻፉት ራሳቸው። በአንድ ዘዴ ሥር ያሉ ዳኞች ስፋቱን በተለያየ ደረጃ ሲወስዱት ተቃራኒ ውሳኔ ይሰጣሉ።

የሕያው ሕገ መንግሥት ወገንም የራሱ ድክመት አለው። «የዘመኑ የሥነ ምግባር ደረጃ» ሲባል የማን ዘመን፣ የማን ሥነ ምግባር? በ2005 በሮፐር ጉዳይ፣ ወንጀሉን ሲፈጽም 18 ዓመት ያልሞላውን ሰው በሞት መቅጣት በ5 ለ4 ተከለከለ። ፍርድ ቤቱ ይህን ደረጃ በቁጥር ለመደገፍ ሞክሯል፦ 30 ግዛቶች ይህን ቅጣት ለወጣቶች አይፈቅዱም ነበር፤ 12ቱ የሞት ቅጣት ጨርሶ የሌላቸው፣ 18ቱ ለዚህ ዕድሜ ብቻ የከለከሉ ናቸው። ተቃዋሚዎቹ 12ቱን መቁጠር ተገቢ አይደለም አሉ፤ ጥያቄው ስለ ዕድሜ ነውና። ውጤቱን ብንደግፍም፣ ይህ ትችት ክብደት አለው።

ስለዚህ ፍርድ ስታነብ በፊት ገጽ ያለውን ማጠቃለያ አልፈህ ሂድ፤ የፍርዱ አካል አይደለም። ፍርድ ቤቱ ጭብጡን በምን ቃል እንደያዘ አስምርበት፣ ምክንያቱም በጠባቡ የተያዘ ጭብጥና በሰፊው የተያዘ ጭብጥ መልሱን ከወዲሁ ያዘነብሉታል። ከዚያ የመጀመሪያው ማስረጃ ምን እንደሆነ እይ፦ ቃሉ ነው፣ ታሪክ፣ ቀደምት ውሳኔ ወይስ ውጤት? በመጨረሻም የልዩነት ሐሳቡን አንብብ፤ አብላጫው የዘለለውን ነገር የሚነግርህ እሱ ነው።

«ልጃችን እዚህ አሜሪካ ስትወለድ እኛ ግሪን ካርድ አልነበረንም። ‹በመወለድ ዜግነት› የሚለው ነገር በዳኛ አተረጓጎም ሊለወጥ ይችላል ሲባል ሰምተን ተጨንቀናል።»

በ1868 የጸደቀው 14ኛው ማሻሻያ በአሜሪካ የተወለዱና ለሥልጣኗ ተገዢ የሆኑ ሁሉ ዜጎች ናቸው ይላል። ክርክሩ ያለው «ለሥልጣኗ ተገዢ» በሚለው ላይ ነው። በ1898 ዎንግ ኪም አርክ የተባለ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ከቻይናውያን ወላጆች የተወለደ ሰው ቻይና ደርሶ ሲመለስ እንዳይገባ ተከልክሎ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ6 ለ2 ዜጋ ነው ተባለ። ፍርድ ቤቱ የቀድሞውን የእንግሊዝ ሕግ ተከትሎ ከመርሑ ውጭ የሚሆኑትን በጠባቡ ዘረዘረ፦ የዲፕሎማቶች ልጆች፣ አገር የወረረ ጠላት ጦር ልጆች፣ በጊዜው በራሳቸው አስተዳደር ሥር የነበሩ የአሜሪካ ነባር ጎሣዎች ልጆች።

በጥር 2025 የወጣው የፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ትእዛዝ ይህን ለማጥበብ የሞከረ ነው። የደጋፊዎቹ መከራከሪያ የዎንግ ወላጆች ቋሚ ነዋሪዎች ነበሩ፣ ፍርዱም ከዚያ አይዘልም የሚል ነው። የተቃዋሚዎቹ መልስ ደግሞ የ1868 ጽሑፍ ስለ ወላጆች መኖሪያ ምንም አይልም የሚል ነው። ሁለቱም የጥንቱን ትርጉም እንይዛለን እንደሚሉ ልብ ይበሉ፤ ክርክሩ ጥንታዊ ትርጉምና ዘመናዊ ትርጉም የገጠሙበት አይደለም። በእኛ ግምት ቃሉም ታሪኩም ለተቃዋሚዎቹ ያደላል። ትእዛዙ በራሱ ቃል ከወጣ ከ30 ቀን በኋላ የሚወለዱትን እንጂ ቀደም ብለው የተወለዱትን አይመለከትም። የልጅዎን የልደት ምስክር ወረቀትና ፓስፖርት አሟልተው ይያዙ፤ ለእናንተ ጉዳይ የሚሆን ምክር ግን ፈቃድ ካለው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይጠይቁ።

«በ2012 ምርጫው ሲራዘም ሕገ መንግሥቱ ‹ተተረጎመ› ተባለ። የተተረጎመው በየትኛው ዘዴ ነው? አንቀጹ እኮ አምስት ዓመት ይላል።»

በቅድሚያ ማን እንደተረጎመው። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን በአንቀጽ 62(1) የተሰጠው ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። በባለሙያነት የሚያግዘው የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ሲሆን፣ በአንቀጽ 82 መሠረት 11 አባላት አሉት፦ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና ምክትል፣ 6 የሕግ ባለሙያዎችና ከፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚወከሉ 3 ሰዎች። ጉባኤው የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል፤ የሚወስነው ምክር ቤቱ ነው።

ምርጫው ለነሐሴ 23 ቀን 2012 ተይዞ ነበር። ምርጫ ቦርድ መጋቢት 22 ቀን በኮሮና ምክንያት ማካሄድ አልችልም አለ። አራት አማራጮች ቀረቡ፦ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትን መበተን፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ፣ ሕገ መንግሥቱን ማሻሻልና ትርጉም መጠየቅ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመጨረሻውን መርጦ አንቀጽ 54(1)፣ 58(3) እና 93 እንዲተረጎሙ ጠየቀ።

ቃሉን የያዙት ባለሙያዎች ያሉት እርስዎ ያሉትን ነው። አንቀጽ 58(3) የአምስት ዓመት ዘመንና ዘመኑ ከማብቃቱ ከአንድ ወር በፊት የሚጠናቀቅ ምርጫ ያዛል። ግልጽ ነው፤ ግልጽ ነገር አይተረጎምም፤ መለወጥ ከተፈለገ መንገዱ አንቀጽ 104 እና 105 ነው። ሌሎቹ ደግሞ ሕገ መንግሥቱን እንደ አንድ ሙሉ አካል እንየው አሉ። አንቀጽ 93 ወረርሽኝን በስም ጠርቶ መብቶችን እስከመገደብ ሥልጣን ይሰጣል፤ ዝም ያለው ግን ወረርሽኝ የምርጫ ጊዜ ላይ ሲወድቅ ምን ይሁን በሚለው ላይ ነው። ክፍተቱን የአንቀጾቹን ዓላማ አገናኝቶ መሙላት ይገባል የሚል ነው። አጣሪ ጉባኤው የባለሙያዎችን አስተያየት በቴሌቪዥን በቀጥታ አሰማ፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰኔ 3 ቀን ይህን ሁለተኛውን መንገድ ተቀበለ። የምክር ቤቶቹ ዘመን ተራዘመ፤ ምርጫውም የወረርሽኙ ስጋት መቀነሱ በጤና ተቋማት ሲረጋገጥና በተወካዮች ምክር ቤት ሲጸድቅ ከ9 እስከ 12 ወር ውስጥ እንዲካሄድ ተወሰነ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ተካሄደ።

እኛ የምናየው ጥንካሬ ክርክሩ በአደባባይ መደረጉ ነው፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ብዙም አልተለመደም። ድክመቱ ሁለት ነው። ዓላማን ያስቀደመ አተረጓጎም ክፍተት እንዳለ ሊያሳይ ይችላል፤ «ከ9 እስከ 12 ወር» የሚለውን ልክ ግን ከየትኛውም አንቀጽ ማውጣት አይቻልም። ሁለተኛው፣ ተርጓሚው ራሱ ዘመኑ የሚራዘምለት የፖለቲካ አካል መሆኑ ነው። አተረጓጎሙን ሁሉም አልተቀበለውም፤ የትግራይ ክልል ጳጉሜን 4 ቀን 2012 የራሱን ምርጫ አካሄደ።

«ከባሕር ዳር ነው። የርስት ክርክር ተከራክሬ በሰበር ተሸነፍኩ። ወደ አጣሪ ጉባኤ ብወስደው ይታይልኛል? ምን ማቅረብ አለብኝ?»

ሊታይ የሚችለው ጉዳይዎ የሕገ መንግሥት ጉዳይ ከሆነ ብቻ ነው። አቤቱታዎች በብዛት የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፦ ሰዎች ምስክር ተሳስቷል፣ ሰነዴ አልተመዘነም፣ የውርስ ሕጉ በተሳሳተ መንገድ ተነበበ እያሉ ይመጣሉ። እነዚህ የማስረጃና የመደበኛ ሕግ ጥያቄዎች ናቸው። ጉባኤው አምስተኛ እርከን ፍርድ ቤት አይደለም።

በአዋጅ ቁጥር 798/2005 መሠረት በመጨረሻ ውሳኔ መሠረታዊ መብቱ የተጣሰበት ሰው ማመልከት ይችላል፤ የመጨረሻ ውሳኔ ማለት በደረጃው ሁሉ ታይቶ ያለቀ ነው። አንድ ይግባኝ ከቀረዎት መጀመሪያ እሱን ይጨርሱ። ማመልከቻው ላይ የተጣሰውን አንቀጽ በቁጥር ይጥቀሱ፤ ለምሳሌ ጥያቄው ሴት በመሆንዎ ከርስት መገለል ከሆነ አንቀጽ 35። ቀጥሎ የውሳኔው የትኛው ዓረፍተ ነገር ከዚያ አንቀጽ ጋር እንደሚጋጭ ገጽ ጠቅሰው ያሳዩ። ከሥር ፍርድ ቤት እስከ ሰበር ያሉትን የውሳኔ ግልባጮች በሙሉ ያያይዙ። የክርክሩን ታሪክ በአንድ ገጽ ይወስኑት። ጉባኤው ትርጉም አያስፈልገውም ብሎ ከመለሰዎት ነገሩ አላለቀም፤ በአንቀጽ 84 መሠረት ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ይግባኝ ይባላል፣ በአዋጁ የተወሰነው ጊዜ ሳያልፍ። በዚህ መንገድ የተሳካ ጉዳይ አለ፦ በ1996 ምክር ቤቱ፣ ተከራካሪዎቹ ባልተስማሙበት የሸሪዓ ፍርድ ቤት የታየን የውርስ ክርክር በይግባኝ አይቶ ውሳኔው ሕገ መንግሥቱን ይጻረራል ብሏል። አንቀጽ 34(5) የሃይማኖት ዳኝነትን የሚፈቅደው በተከራካሪዎቹ ስምምነት ነው። ጠያቂዎቹ ያሸነፉት አንዲት ሐረግ ይዘው ነው።

«ታዲያ የኢትዮጵያ ዳኛ ሕገ መንግሥቱን አይነካም ማለት ነው?»

ይነካል። አንቀጽ 13(1) የመብቶችን ምዕራፍ የማክበርና የማስከበር ግዴታ ሲጥል የዳኝነት አካሉን በስም ጠርቷል። ንዑስ አንቀጽ 2 ደግሞ እነዚህ መብቶች ከዓለም አቀፉ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫና ኢትዮጵያ ከተቀበለቻቸው ስምምነቶች ጋር በሚጣጣም መንገድ እንዲተረጎሙ ያዛል። ዋናውን የአተረጓጎም ዘዴ ሕገ መንግሥቱ ራሱ ጽፎ አስቀምጧል። በአዋጅ ቁጥር 1234/2013ም ሕገ መንግሥቱን የሚጻረር ውሳኔ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ተብሎ በሰበር ሊታረም ይችላል። ስለዚህ ጠበቆች ነጥቡን ከመጀመሪያው ችሎት ጀምረው በጽሑፍ ያንሱት፤ አንቀጹንም ከአማርኛው ቅጂ ይጥቀሱ፣ አንቀጽ 106 የመጨረሻ ሕጋዊ ዕውቅና የሰጠው ለእሱ ነውና።